የእግር ሕመም፦ ከየትኛው ሕክምና መጀመር ይሻላል?

እግሩን የሚያመው ሰው ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ አብዛኛውን ጊዜ ጥያቄው አንድ ነው፤ «መርፌ ልወጋ ወይስ ጫማ ልቀይር?» ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ከእርሱ በፊት መመለስ ያለበት ሌላ አለ። ሕመሙ በትክክል የት ላይ ነው? በቀኑ ውስጥስ መቼ ይብሳል? አንድ እግር 26 አጥንቶችና 33 መገጣጠሚያዎች ስላሉት፣ በሁለት ጣት ስፋት ልዩነት በሽታው ሌላ፣ ሕክምናውም ሌላ ሊሆን ይችላል። ከተረከዝ ሥር ለሚሰማ ሕመም ለጥቂት ሳምንታት እፎይታ የሚሰጠው ስቴሮይድ የተባለ ብግነትን የሚያበርድ መድኃኒት መርፌ፣ ጥቂት ከፍ ብሎ ከተረከዝ በስተኋላ ባለው የአኪለስ ጅማት ውስጥ ቢወጋ ጅማቱን አሳስቶ እስከ መበጠስ ሊያደርሰው ይችላል።

ፖዲያትሪስት የሚባሉት የእግር ሐኪሞች አማራጮችን ሲመዝኑ በተግባር የሚያዩት ሦስት ነገር ነው፤ ሕክምናው በምን ያህል ጊዜ ያስታግሳል፣ ማስታገሱ ምን ያህል ይቆያል፣ ካልተሳካስ ወደ ነበሩበት መመለስ ይቻላል ወይ? እኔ ለሦስተኛው የበለጠ ክብደት እሰጣለሁ። የማይመች የጫማ ንጣፍ አውጥቶ መጣል ይቻላል፤ የተቆረጠ ነርቭ ግን ተመልሶ አይቀጠልም። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽርም ይህንኑ ቅደም ተከተል ይከተላል።

ለማነጻጸር ጊዜ የማይሰጡ ሁኔታዎች

አስቀድሞ ከዚህ መመሪያ ውጭ የሚሆኑትን መለየት ያስፈልጋል። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው እግሩ ላይ ቁስል፣ ውኃ የቋጠረ ቦታ ወይም የቀለም ለውጥ ካየ፣ ባያመውም እንኳ፣ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ መታየት አለበት። በስኳር የተጎዳ ነርቭ የሕመምን ማስጠንቀቂያ ስለሚያጠፋ፣ «አላመመኝም» የሚለው ማጽናኛ እዚህ ላይ አይሠራም። ሐኪሞች ይህንን የሚፈትሹት 10 ግራም ኃይል ሲያርፍበት በሚጎብጥ ቀጭን የናይለን ክር ነው። ታካሚው ዓይኑን ጨፍኖ ክሩ ውስጥ እግሩን በነካው ቁጥር «አሁን» ይላል፤ ክሩ ተጭኖ እስኪጎብጥ ድረስ ዝም ካለ፣ ጫማው ውስጥ የገባ ጠጠርም እንደዚያው ሳይታወቀው ቀኑን ሙሉ ሊያቆስለው ይችላል ማለት ነው። በዚሁ ሕመምተኛ ላይ አንዱ እግር ከሌላው ይልቅ ሞቆ፣ ቀልቶና አብጦ ከተገኘ፣ ሻርኮ የሚባለው የአጥንትና የመገጣጠሚያ መፈራረስ ሊሆን ስለሚችል፣ እስኪመረመር ድረስ በዚያ እግር መርገጥ አይገባም። ይህ ሁኔታ ሪህ ወይም ኢንፌክሽን ተብሎ የሚታለፍበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

እግሩ ተጠምዝዞ ወይም ወድቆ አራት እርምጃ እንኳ መራመድ ያቃተው፣ ወይም ከትንሿ ጣት በስተኋላ በእግሩ የውጭ ጠርዝ መሐል ላይ ጎላ ያለው አጥንት ሲጫኑት የሚያመው ሰው ራጅ መነሳት ይኖርበታል። ሲሮጥ ወይም ሲዘል ድንገት ከኋላው በዱላ የተመታ ያህል ተሰምቶት፣ ዞር ሲል ማንንም ያላገኘና ከዚያ በኋላ በጣቶቹ ጫፍ መቆም ያልቻለ ሰው ደግሞ የአኪለስ ጅማቱ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ትኩሳት ያለበትና መቅላቱ ወደ ላይ እየተስፋፋ የሚሄድ እግርም እንዲሁ ቀጠሮ የሚያዝለት አይደለም።

ከተረከዝ ሥር፦ አማራጩ የበዛበት ሕመም

ጠዋት ከአልጋ ወርደው የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች ሲራመዱ ተረከዝዎን እንደ ሚስማር የሚወጋዎት፣ ጥቂት ከተራመዱ በኋላ የሚለቅዎት፣ ለረጅም ጊዜ ተቀምጠው ሲነሡ ደግሞ የሚመለስብዎት ከሆነ፣ ምክንያቱ በአብዛኛው ከተረከዝ አጥንት ተነሥቶ እስከ ጣቶች ሥር የሚዘረጋው ጠንካራ ሽፋን ነው። ሕመሙ ፕላንታር ፋሲያይተስ ይባላል። ሐኪሙ በአውራ ጣቱ የተረከዙን የውስጥ ጎን፣ የእግሩ ቅስት የሚጀምርበትን ቦታ ሲጫን ታካሚው እግሩን ከሰበሰበ፣ ምርመራው አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ያልቃል። ራጅ ተነሥቶ የሾለ አጥንት ቢታይም ብዙ መደንገጥ አያስፈልግም፤ ምንም ሕመም የሌለባቸው ብዙ ሰዎች ይህ ሹል አጥንት አላቸው፤ ሕመም ያለባቸውም ቢሆኑ አጥንቱ ሳይነካ ይድናሉ።

ከአማራጮቹ ሁሉ ርካሹና የሚያሰለቸው ማሳሳብ ነው፤ እኔ ብጠየቅ ግን መጀመሪያ የምመርጠው እርሱን ነው። ከአልጋ ሳይወርዱ የሚያመውን እግር በሌላው ጉልበት ላይ ያጥፉና፣ በእጅዎ ጣቶቹን ወደ ቅልጥምዎ አቅጣጫ ይሳቡ። በሌላው እጅ አውራ ጣት ቅስቱን ሲዳስሱት እንደ ተወጠረ ገመድ መቆም አለበት፤ ካልተወጠረ ገና አልሳቡትም ማለት ነው። አሥር ሰከንድ ይዘው ይልቀቁ፤ አሥር ጊዜ ይድገሙት፤ በቀን ሦስት ጊዜ ይሥሩት። የጠዋቱ ግን ከመጀመሪያው እርምጃ በፊት ካልሆነ ጥቅሙ ይቀንሳል። ከዚህ ጋር የባት ጡንቻን በግድግዳ ላይ ተደግፎ ማሳሳብ ይታከላል፤ ሕመሙ ሲቀንስ ደግሞ ከጣቶች ሥር የተጠቀለለ ፎጣ አድርጎ ተረከዝን ቀስ ብሎ ማንሣትና ማውረድ ሽፋኑን ያጠነክራል። ችግሩ ውጤቱ በሳምንታት፣ አንዳንዴም በወራት መቆጠሩ ነው። ብዙዎች በሦስተኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብለው ይተዉታል፤ ይህ ሕመም ግን በአብዛኛው ሰው ላይ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ያለ ቀዶ ሕክምና የሚለቅ ነው።

በሁለተኛ ደረጃ የሚመጣው የጫማ ውስጥ ንጣፍ ነው። እዚህ ላይ ጥያቄው በእግር ልክ የተሠራውን ወይስ ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን መግዛት ይሻላል የሚለው ነው። በልክ የተሠራው በዋጋ ብዙ ይበልጣል፤ ለተራ የተረከዝ ሕመም ግን ሁለቱ በጥናት ሲነጻጸሩ በልክ የተሠራው በግልጽ በልጦ አልተገኘም። ስለዚህ ቅስቱን የሚደግፍና ሲጫኑት የማይተኛ ዝግጁ ንጣፍ መሞከር በቂ መነሻ ነው፤ በልክ የሚሠራውን የእግራቸው ቅርጽ ከተለመደው በጣም ለራቀ፣ በስኳር በሽታ ምክንያት የግፊት ቁስል ለሚያሰጋቸው ወይም ዝግጁው ለማይቀመጥላቸው ሰዎች መተው ይሻላል። ሌሊት እግርን ቀና አድርጎ የሚይዘው ድጋፍ በተለይ የጠዋቱን ሕመም ይቀንሳል፤ ሆኖም ለብሶት መተኛት ስለሚያስቸግር ብዙዎች ከአልጋው ሥር ጥለውት ያድራሉ።

የስቴሮይድ መርፌ ከእነዚህ ሁሉ ይፈጥናል፤ ማስታገሱ ግን ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ሳምንታት አያልፍም። በተደጋገመ ቁጥር ሽፋኑ የመበጠስ፣ ተረከዝን እንደ ፍራሽ የሚደግፈው ስብም የመሳሳት አደጋው ከፍ ይላል፤ የሳሳው ስብ ደግሞ ተመልሶ አይሞላም። ስለዚህ መርፌው ትርጉም የሚኖረው ሕመሙ እንቅስቃሴውን መሥራት እስከሚከለክል ድረስ ሲበረታ፣ የተገኘውን እፎይታ ለእንቅስቃሴው ለማዋል ነው። መርፌ ተወግቶ ወደ ቀድሞው ጫማና ወደ ቀድሞው ሥራ የሚመለስ ሰው ሕመሙን ለሌላ ወር ቀጠረው እንጂ አላከመውም። ከወራት በኋላም አልለቅ ላለው፣ ከቆዳ በላይ ሆኖ የግፊት ሞገድ የሚልከው የሾክዌቭ ሕክምና ከመርፌ ይልቅ ቀርፋፋ ቢሆንም ሽፋኑን ስለማያዳክም ይመረጣል። ቀዶ ሕክምና የመጨረሻው በር ነው፤ ሽፋኑ በከፊል ሲቆረጥ የእግሩ ቅስት ሊወርድ ስለሚችል፣ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ወር የተሟላ ሙከራ ሳይደረግ ሊታሰብ አይገባም።

ከተረከዝ በስተኋላ፦ እረፍት ወይስ ጭነት?

የአኪለስ ጅማት ሕመም ከላይኛው ጋር የሚመሳሰለው ጠዋት ላይ በመበርታቱ ብቻ ነው። ሕመሙ ጅማቱ መሐል ላይ፣ ከተረከዝ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ከሆነ፣ ሙሉ እረፍት ከማድረግ ይልቅ በመጠን መጫን ይሻላል። በ1998 ከስዊድን የወጣው የአልፍሬድሶን አሠራር የታወቀው በዚህ ነው፤ በደረጃ ጠርዝ ላይ በጣቶች ቆሞ ተረከዝን ቀስ ብሎ ከደረጃው በታች ማውረድ፣ 15 ጊዜ ሦስት ዙር፣ ጉልበት ቀጥ ብሎ አንዴ ጉልበት ታጥፎ አንዴ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ለ12 ሳምንታት። መጠነኛ ሕመም እየተሰማ መሥራት የተፈቀደ መሆኑ ብዙ ታካሚዎችን ያስገርማል። ሕመሙ ጅማቱ አጥንቱን በሚይዝበት በታችኛው ጫፍ ላይ ከሆነ ግን ከደረጃው በታች መውረድ ቦታውን ስለሚጨቁነው፣ እንቅስቃሴው በጠፍጣፋ ወለል ላይ ይሠራል፤ ጫማ ውስጥም ተረከዙን በትንሹ ከፍ የሚያደርግ ንጣፍ ይጨመራል። እዚህ መርፌ አይመከርም። ሲፕሮፍሎክሳሲንና መሰል ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶችም ጅማትን ለመበጠስ ሊያጋልጡ ስለሚችሉ፣ ሕመሙ መድኃኒቱን ከጀመሩ በኋላ የመጣ ከሆነ ይህንን ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል።

ከጣቶች ሥር፦ ነርቭ ወይስ አጥንት?

በእግር ፊት ለፊት ክፍል የሚመጣ ሕመም ሁለት ዓይነት ውሳኔ ይጠይቃል፤ ሁለቱን ማምታታት ግን ዋጋ ያስከፍላል። በሦስተኛውና በአራተኛው ጣት መካከል የሚያቃጥል፣ ጣቶቹን የሚያደነዝዝ፣ ካልሲው የተጠቀለለ ወይም ጠጠር የረገጡ የሚያስመስል፣ ጫማ ሲያወልቁና እግርን ሲያሹት የሚለቅ ከሆነ፣ የሞርተን ኒውሮማ የሚባለው የነርቭ መወፈር ሊሆን ይችላል። በዚህ ሕመም ጫማው በሽታውንም መድኃኒቱንም ይዟል። በባዶ እግርዎ ወረቀት ላይ ቆመው የእግርዎን ዙሪያ በእርሳስ ያስምሩ፤ ከዚያም ዘወትር የሚለብሱትን ጫማ በሥዕሉ ላይ ያስቀምጡ። መስመሩ በግራና በቀኝ ከጫማው ወጥቶ ከታየ፣ ነርቩ ቀኑን ሙሉ በምን መካከል እንደሚጨፈለቅ በዓይንዎ አዩት ማለት ነው። ፊቱ ሰፊና ታኮው ዝቅ ያለ ጫማ፣ ከጣቶቹ አጥንት ራስ በስተኋላ የሚቀመጥ ትንሽ ትራስ፣ ካልበቃም መርፌ በተራ ይሞከራሉ። ነርቩን ማውጣት ለብዙዎች ያስታግሳል፤ ነገር ግን በጣቶቹ መካከል ያለው ቆዳ ለዘለቄታው ይደነዝዛል፤ የቀረው የነርቭ ጫፍም አንዳንዴ ራሱ ይወፍርና ሕመሙን ይመልሰዋል።

ሕመሙ በእግሩ የላይኛው ገጽ በአንድ አጥንት ላይ ተለይቶ በአንድ ጣት ሊጠቆም የሚችል፣ ጫማ ማውለቅ የማያድነው፣ ሩጫ ወይም ረጅም ጉዞ ከጨመሩ በኋላ ቀስ በቀስ የመጣ ከሆነ ግን አጥንቱ በድካም ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚጎዱት ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ጣት በስተኋላ ያሉት ረጃጅም አጥንቶች ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ራጅ ምንም ላያሳይ ስለሚችል፣ «ራጁ ንጹሕ ነው» መባል ሩጫ ለመቀጠል ፈቃድ አይደለም፤ ጥርጣሬው ከበረታ ኤምአርአይ ይታዘዛል። ሕክምናው በጠንካራ ቡት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ጭነትን መቀነስ ነው። ከትንሿ ጣት በስተኋላ ባለው በአምስተኛው ረጅም አጥንት የኋላ ጫፍ አካባቢ ወይም ከቅስቱ በላይ ባለው ናቪኩላር በሚባለው አጥንት ላይ ያለ ስንጥቅ ግን በቀላሉ ስለማይገጥም፣ በክራንች መሄድን፣ አንዳንዴም በብሎን ማሰርን ይጠይቃል። ሕመሙን በመርፌ አደንዝዞ መሮጥ ስንጥቁን ወደ ሙሉ ስብራት ሊቀይረው ይችላል።

አውራ ጣት፦ ሪህ፣ መድረቅ ወይስ መጣመም?

ማታ በሰላም ተኝቶ እኩለ ሌሊት ላይ የአውራ ጣቱ መገጣጠሚያ ቀልቶ፣ ግሎና አብጦ፣ የአንሶላ ክብደት እንኳ የማያስችል ሆኖበት የነቃ ሰው ሪህ ይዞት ይሆናል። ምርመራውን የሚያረጋግጠው ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ተቀድቶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የዩሪክ አሲድ ክሪስታል ሲገኝበት ነው፤ በሕመሙ ሰዓት በደም ውስጥ ያለው መጠን ልከኛ ሆኖ ሊገኝ ስለሚችል የደም ውጤት ብቻውን ሪህን አያስቀርም። ለሚነሣው ሕመም ኮልቺሲን፣ እንደ ናፕሮክሲን ያሉ ፀረ ብግነት መድኃኒቶችና ስቴሮይድ በውጤት ይቀራረባሉ፤ ምርጫውን የሚወስነው የታካሚው ሌላው አካል ነው። ኩላሊቱ ለደከመ፣ የጨጓራ ቁስል ላለበት ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ፀረ ብግነቱ አይስማማም፤ ስኳሩ ላልተስተካከለ ሰው ደግሞ ስቴሮይድ ስኳሩን ያንረዋል። ሕመሙ በዓመት ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ ከተመላለሰ እንደ አሎፑሪኖል ያለ መድኃኒት በየቀኑ ተወስዶ ዩሪክ አሲዱ ከ6 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች እንዲሆን ይደረጋል። መድኃኒቱ በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሕመሙ ሊነሣ ስለሚችል፣ ብዙዎች «ይኸው አባሰብኝ» ብለው ልክ ሊጠቅማቸው ሲጀምር ያቆሙታል።

ሕመሙ ድንገተኛ ሳይሆን ለዓመታት የቆየ ከሆነ፣ ጣቱን በእጅ ወደ ላይ አጥፎ መፈተሽ ይጠቅማል። የማይታጠፍና ሲታጠፍ የሚያም መገጣጠሚያ ደርቋል፤ ሶሉ የማይጎብጥና ወደ ፊት የሚንከባለል ጫማ ከመድኃኒት ይልቅ ይረዳዋል። በቀላሉ የሚታጠፍ፣ ነገር ግን ወደ ሌሎቹ ጣቶች ዘምሞ በጎኑ ላይ ጉብታ ያወጣ ጣት ግን የመጣመም ጉዳይ ነው። ጣትን ሌሊት ቀና አድርገው የሚይዙ ማሰሪያዎች ሲደረጉ ያሳርፉ ይሆናል እንጂ የተጣመመውን አጥንት ለዘለቄታው አያቀኑም፤ ማስታወቂያቸው ከሚለው በታች ነው የሚሠሩት። አጥንቱ ተቆርጦ በብሎን የሚስተካከልበት ቀዶ ሕክምና ያቀናል፤ ሆኖም ስድስት ሳምንት ያህል በልዩ ጫማ መሄድን ያስከትላል፤ እብጠቱም ለወራት ሊቆይ፣ መጣመሙም ከዓመታት በኋላ ሊመለስ ይችላል። ሰፊ ጫማ ለብሶ የማያመው ሰው ለመልኩ ሲል ይህንን መንገድ ባይጀምር እመርጣለሁ።

ቆዳና ጥፍር

ውስጥ እግር ላይ ያለ ጠንካራ ነጥብ ከግፊት የመጣ የደደረ ቆዳ ነው ወይስ ኪንታሮት? በቀጥታ ሲጫኑት የሚያመው የመጀመሪያው ነው፤ ከግራና ከቀኝ በሁለት ጣት ሲቆነጥጡት የሚያመው፣ የቆዳውን መስመሮች የሚያቋርጥና ሲላግ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች የሚያሳየው ኪንታሮት ነው። የመጀመሪያውን ሐኪሙ በስለት ይልገዋል፤ ግፊቱ ካልተነሣ ግን መልሶ ይበቅላል። ለኪንታሮት በየቀኑ እስከ 12 ሳምንት የሚቀባ ሳሊሲሊክ አሲድ ሐኪሙ ኪንታሮቱን በብርድ ከሚያቃጥልበት ሕክምና የማይተናነስ ሲሆን፣ በልጆች ላይ ሳይነኩት ራሱ የሚጠፋበት ጊዜ ብዙ ነው። ስሜቱ የቀነሰ ወይም የደም ዝውውሩ የደከመ እግር ላይ አሲዱን በቤት መቀባት ክልክል ነው።

ወደ ሥጋ የገባ ጥፍር ገና ከጀመረ በሙቅ ውኃ መዘፍዘፍና ጠርዙን ከሥጋው ማላቀቅ ይበቃዋል፤ ጥፍርን ቀጥ አድርጎ መቁረጥ እንጂ ጥጉን ቆፍሮ ማውጣት ያባብሰዋል። ለሚመላለሰው በማደንዘዣ የጥፍሩ ጠርዝ ብቻ ተነሥቶ ሥሩ ፌኖል በተባለ ኬሚካል ሲቃጠል፣ ጥፍሩን ሙሉ በሙሉ ከመንቀል ይልቅ የመመለስ ዕድሉ በጣም ያንሳል።

ማን ዘንድ፣ ምን ይዞ?

ፖዲያትሪስት በሁሉም አገር የለም፤ በሌለበት ጅማትና ጡንቻን ለፊዚዮቴራፒስት፣ ስብራትንና መጣመምን ለአጥንት ሐኪም፣ ሪህን ለውስጥ ደዌ ሐኪም ማሳየት ይቻላል። ወደ የትኛውም ቢሄዱ በጣም ያረጀውን ጫማዎን እንጂ አዲሱን አድርገው አይሂዱ። የሶሉ የውስጥ ጠርዝ ብቻ ተበልቶ ከሆነ፣ ወይም የአንደኛው ተረከዝ ከሌላኛው ቀድሞ ካለቀ፣ ሐኪሙ ክፍሉ ውስጥ አሥር እርምጃ ሲያራምድዎት የማያየውን የብዙ ወራት አረማመድ ከዚያ ያነባል።